ትንሽ ይቀረዋል

ያለፈው ሳምንት ያመለጣችሁ አትቸገሩ፤ አሳጥሬ እነግራችኋለሁ። ላሊበላ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ሆቴል አለ። የዚያ ሆቴል አብሳይ ማርያማዊት ትባላለች፤ ነአኩቶ ለአብ የሚያገለግሉት የቄስ ቃለሕይወት ልጅ ናት። የሆቴሉን መኪና የሚነዳው ያሲር ነው፤ የወልድያ ልጅ፣ ሶላቱን የማያዛንፍ። ሁለቱ ይዋደዳሉ። የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው፤ ወሎ አይደል?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ወሎ ውስጥ አንዱ የሌላውን ለቅሶ ይቀመጣል፤ አንዱ የሌላውን ድንኳን ይተክላል፤ ሠርግ ሲሆን ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም በየራሱ ሰው እጅ ለየብቻ ይታረዳል። ለየብቻ። እኔን ሆዴን የምትበላኝ ይህችው ቃል ናት። ሰው ዕድሜውን አብሮ ይኖርና የሥጋ ድስት ላይ ሲደርስ ይለያያል።

የሆቴሉ ባለቤት ሔለን ቬሮና በምትባል የጣልያን ከተማ ብዙ ዓመት ምግብ ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ከጦርነቱ ወዲህ አልጋዎቿ ባዷቸውን ስለሚያድሩ፣ ለገና ጥቂት ጣልያናውያን አስጎብኚዎችን ራት ጋበዘች። ካማራቸው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሊያመጡላት ነው። እሷ እንግዶቹን ልትቀበል አዲስ አበባ ስትቀር፣ ወይኑን በአውሮፕላን አስቀድማ ላከችው። ያሲር አየር ማረፊያ ሄዶ ተቀበለና ካርቶኑን ከደረቱ አርቆ፣ የሚያለቅስ የሌላ ሰው ሕፃን እንደ ያዘ ወንድ ሆኖ ማእድ ቤት ገባ።

«ተቀበይኝ፣ ማርዬ። እናቴ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ወላሂ ወተቷን ትጸጸትበታለች» አላት።

ወይኑ አማሮኔ ይባላል። በአገሩ ቋንቋ «ትልቁ መራራ» እንደ ማለት ነው አሉ። ሔለን በስልክ ትምህርቱን ሰጠች።

«ስሚ፣ ማርያማዊት። ይኼ ወይን ቀልድ አያውቅም። ዓሣ ብታቀርቢለት ይውጠዋል፤ ዶሮ ብታቀርቢለት ይንቀዋል። ስብ ያለው ሥጋ ነው የሚፈልገው፣ ቀስ ብሎ የበሰለ። በርበሬ እንዳታስጠጊው፤ ከተገናኙ አፍ ያቃጥላሉ። ያረጀ ጠንካራ አይብ ልኬልሻለሁ፤ እሱን ከለውዝ ጋር ከሥጋው በኋላ ታቀርቢያለሽ። ደግሞ ቬሮና ሥጋውን የምናበስለው በራሱ በወይኑ ነው። ግማሽ ጠርሙስ ገልብጪበት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ራቱ ካማረ አዲስ አበባ የምከፍተውን ምግብ ቤት ላንቺና ለያሲር ነው የማስረክበው። በገና ማግስት ትሄዳላችሁ። ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ያን ቀን ሌላ ነገር አልሰማችም። አዲስ አበባ ማንም የማንንም አባት አይጠይቅም። እዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ፤ አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ እሷም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ እሱም ዓርብ ዓርብ መስጊድ። እስከዚህ ድረስ አስበውታል። ከዚህ በላይ ማሰብ ፈርተዋል።

ችግሩ ጾሙ ነበር። ራቱ የዋለው የነቢያት ጾም ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው። በላሊበላ ሆቴሎች በጾም ጊዜም ለፈረንጅ ሥጋ ይሠራል፤ አብሳዩ ግን አይቀምስም። ጨውን በአፍንጫ፣ ብስለትን በማንኪያ ጫፍ ነው የሚለካው። በዘወትሩ ይህ ያስኬዳል፤ ፈረንጅም ያመሰግናል። ይህን ወይን የሚመጥን ሥጋ ግን በግምት አይሠራም። ከማእድ ቤት እስከ ዘበኛው ድረስ ደግሞ ሁሉም ጾመኛ ነው። ከአንድ ሰው በቀር።

«በጉን አንተ እረደው» አለችው።

«እኔ?»

«አንተ ካረድከው ትቀምስልኛለህ። እኛ ካረድነው አፍህ አይደርስም።»

ያሲር ትንሽ አሰበ። «ወይኑንስ ማን ሊቀምስ ነው?»

«እሱን ለእኔ ተወው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ ጉንጭ ብቀምስ ጾሜ አይፈርስም።»

«ሥጋው በኔ፣ ወይኑ ባንቺ።»

«ሁለታችን ተደምረን አንድ ፈረንጅ ይወጣናል።»

ሳቁ። ቀጥላ ግን ኮስተር አለች። «ድስቱ ውስጥ ወይን አልጨምርም።»

«እትዬ ሔለን ጨምሪ ብላለች እኮ።»

«ከጨመርኩ አንተ አትቀምሰውም። ያለ ወይን እንዲጣፍጥ አድርጌ እሠራዋለሁ።»

ያሲር አያት። እሷም አተያዩን ቀኑን ሙሉ ይዛው ዋለች።

በጉ የሙጃ በግ ነበር፤ ላቱ ከኋላው የሚንከባለል ደጋማ። ያሲር በማለዳ ከዕቃ ቤቱ ኋላ ወስዶ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላሂ ብሎ አረደው። ማርያማዊት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ኃጢአት የሠራች አልመሰላትም። አንድ ነገር የሰረቀች ግን መሰላት።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሌሎቹ ለዕረፍት ወጡና ማእድ ቤቱ ለሁለቱ ቀረ። ወርቹ ከሽንኩርት፣ ከኮረሪማና ከራሱ ላት ጋር በከባዱ የብረት ድስት ከረፋድ ጀምሮ ሲንተከተክ ውሏል። ያሲር አንድ ቁራሽ አፉ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። እሷ አፉን ታያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የወንድ አፍ እንዲህ ትኩር ብላ ስታይ ታፍር ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራ ነው።

«ጨውስ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

ቆንጠር አድርጋ ጨመረችና አማስላ ቆየች። «አሁንስ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ምላስህ ከአሞሌ ነው እንዴ የተሠራው?»

«አንቺ ጠየቅሽኝ፣ እኔ መለስኩ።»

ከጠርሙሱ ትንሽ ቀዳች። ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው። ጎንጨት ስታደርግ ፊቷ ተጨማደደና ቀስ ብሎ ተፈታ።

«ምን ምን ይላል?» አላት።

«ሲገባ ጣፋጭ ይመስላል፣ የደረቀ በለስ ዓይነት። ከዚያ ምላስ ይይዛል፤ ያልበሰለ ሾላ የነከስክ ያህል ያደርቅሃል። መጨረሻ ላይ ጌሾ ጌሾ ይላል።»

«ጌሾ ምን እንደሚል እኔ በምን አውቄ?»

ማርያማዊት አሰበች። ለካ ሰው የሚወደውን ሰው ምላስ ለማግኘት ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። «ያለ ስኳር ቡና ጠጥተህ ስትጨርስ ጉሮሮህ ላይ የሚቀረው አለ አይደል? ምሬት ነው፤ ግን እንዲሄድ አትፈልግም።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለ ያሲር። «እሱንስ በደንብ አውቀዋለሁ።»

«አሁን ያንተን ንገረኝ። ስቡ ሲቀልጥ የት ይቀመጣል?»

«ምላሴ ላይ። ከንፈሬም ላይ ቀርቷል።»

ከንፈሩን አየችና ዓይኗን ወደ ድስቱ መለሰች። «እንግዲያ ወይኑ ያጥበዋል። ወይኑ ደረቅ ነው፤ ስብ ካላገኘ አይለሰልስም። ሥጋውም ወይን ካላገኘ አፍ ላይ ይከብዳል።»

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሔለን እንደ ነገረቻት የአማሮኔ ፍሬ ተለቅሞ ወዲያው አይጨመቅም፤ ቆጥ ላይ ተዘርግቶ ዘቢብ እስኪመስል ይደርቃል። የእሷ አባትም ዲያቆን ሳሉ ለቅዳሴ ዘቢብ እየለቀሙ ያዘጋጁ እንደነበር ልጅ ሆና ነግረዋታል። ከመደርደሪያው የገበያ ዘቢብ አወረደች፤ አንድ እፍኝ ድስቱ ውስጥ በተነች፤ እስኪለሰልስ ጠበቀችና አቀመሰችው።

ያሲር ዓይኑን ሳይገልጥ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ተበላሸ?»

«አይ። ያልሽኝ ወይን ይኼ ከሆነ፣ አሁን የጠጣሁት መሰለኝ።»

እኔ የፍቅር ታሪክ ስጽፍ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ወንዶች በጨረቃና በከዋክብት ሲምሉ ጽፌያለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ግን ከብዕሬ ወጥቶ አያውቅም። ማርያማዊት እንባዋ መጣና በሽንኩርቱ አሳበበች፤ ሽንኩርቱ ከተከተፈ ግን ግማሽ ቀን አልፎታል።

«ጨው ግን ትንሽ ይቀረዋል» አለ ያሲር።

ራቱ አማረ። እንግዶቹ አንዱን ቁራሽ በአንድ ጉንጭ ወይን እያስከተሉ ዝም አሉ፤ ሔለን እንደምትለው ጣልያን ዝም ካለ ነገሩ ሠምሯል ማለት ነው። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ብቻ ጨው ትንሽ እንደ በዛ ተናገረች፤ ወይኑ ግን እንደሚሸከመው ጨመረችበት። ከዚያ አይቡና ለውዙ ቀረበ። ሔለን ማእድ ቤት ድረስ መጥታ ማርያማዊትን ጨምቃ ሳመቻት።

«ወይን አልጨመርሽበትም አይደል? ታውቆኛል፤ ግን ይሁን። በገና ማግስት ሻንጣሽን ይዘሽ እንድትመጪ።»

ማርያማዊት ሮጣ ወደ ግቢው ወጣች። ያሲር መኪናው አጠገብ ስልክ ጨርሶ ቆሟል።

«እንሄዳለን» አለችው።

«ኢንሻአላህ» አለ።

ድምፁ የእሱ አልነበረም። «ምን ሆነሃል? ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«ከእማዬ ጋር። ደህና ናት። ድካም ነው፣ ማርዬ፤ አብሽሪ።»

አብሽሪ ያላትን ያህል አላበሸረችም። ሐሳቡን የለወጠ፣ አዲስ አበባ ቅርብ ስትሆንበት የቀዘቀዘ መሰላት። ሴት ልጅ የደስታዋ ቀን ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲገባባት የሚሰማትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እንጀራዋን ሳትቀምስ ተኛች።

የገና ዕለት ላሊበላ በነጭ ልብስ ተሞልታ አደረች። ማርያማዊት ሌሊቱን ቤተ ማርያም ከምእመኑ ጋር ቆማ ካህናቱ ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ሰማች፤ ሲነጋ ነአኩቶ ለአብ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ወረደች። አባቷም ከቅዳሴ ተመልሰዋል። እናቷ ወለተ ሥላሴ ዶሮውን አውጥተው ገበታውን እያሰናዱ ነው። ማርያማዊት በልቧ ስንብት ይዛለች፤ ነገ እንደምትሄድ ከምሳ በኋላ ልትነግራቸው ነው። ሥራ አገኘሁ ትላለች። ስለ ያሲር ሌላ ቀን፣ በስልክ፣ ቀስ ብላ።

ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ወጣ ብላ ስትመለስ የመኪና ድምፅ ሰማች። ቤት ስትገባ ሔለን ጥበብ ለብሳ ከአባቷ ፊት ተቀምጣለች። ገበታው ላይ ደግሞ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ የብረት ድስት ተቀምጧል።

«እንኳን አደረሰሽ» አለቻት ሔለን፣ ፊቷ በደስታ በርቶ። «ለአባ ባዶ እጄን እመጣለሁ? ያ የራቱ ሥጋ ነው። ለሳቸው ብዬ ነው ያስቀረሁት። ልጅዎ የሠራችውን ካልቀመሱ፣ አባ፣ ልጅ አለኝ አይበሉ።»

«እንግዲህ እንግዳ ያመጣው ይቅደም» አሉ ቄስ ቃለሕይወት። ገበታውን ባረኩ። እንጀራውን ቆረሱና ያዙ። እናቷ ጨርቁን ፈትተው እጃቸውን ወደ ክዳኑ ሰደዱ።

እስኪ እዚህ ላይ አንዴ እንቁም። ማንም አያውቅም። በጉን ማን እንዳረደው የሚያውቁት እሷና ያሲር ብቻ ናቸው፤ ያሲር ደግሞ ደጅ መኪናው ውስጥ ነው። ዝም ብትል አባቷ ይበላሉ፤ ይመርቋታል፤ ነገ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሥጋው መልኩ አይናገር፣ ጣዕሙ አይናገር። ዕድሜ ልካቸውን አፋቸውን ከዚህ የጠበቁ ሰው በገና ቀን፣ በልጃቸው እጅ፣ ሳያውቁ ይበሉታል። እሷ ግን ታውቃለች። ባወቀችው ነገር ላይ ደግሞ ትዳር ልትመሠርት ነው።

«አባ፣ ይቆዩ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ምነው፣ ልጄ?»

«ይህን አይብሉ። በጉን... ያረደው ያሲር ነው።»

ሔለን ግራ ገብቷት ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። «ቢያርደው ምን...» ብላ ጀመረችና አቋረጠች፤ ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ሲገባት ታየ። «ወይኔ። ማን እንዳረደው መጠየቅ እኮ ረሳሁ። እዚያ ጣልያን ማንም አይጠይቅም።»

ወለተ ሥላሴ እጃቸውን ከክዳኑ ላይ አነሡ። ቄሱ የቆረሱትን እንጀራ ቀስ ብለው ወደ ገበታው መለሱ።

«ሆቴል ውስጥ አራጅ ጠፍቶ ነው?» አሉ።

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ጾመኛ ነኝ፤ የሚቀምስልኝ አልነበረኝም። እሱ እንዲቀምስልኝ ብዬ ነው።»

«ለእንግዶቹ ብለሽ።»

እዚህም ላይ መዋሸት ትችል ነበር። አባቷ መውጫ በር ከፍተውላት ነበር፤ እያወቁ። «አይ፣ አባ» አለች። «እሱ እንዲቀምስልኝ ነው።»

ወለተ ሥላሴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ቄሱ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቁጣ ቢሆን ትከራከር ነበር።

«ባትነግሪኝ እበላ ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን ነገርሽኝ?»

«አባቴ ነዎት።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ሞልቷል፤ ቄስም አባት ነው። «ልትሄጂ ነው አይደል? ሰሞኑን እግርሽ ሲሄድ አይቼዋለሁ። አልረግምሽም፣ ማርያማዊት። ልጁም መጥፎ ሰው አይደለም፤ በመንገድ ሲያገኘኝ ከመኪናው ወርዶ ነው ሰላም የሚለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እናትሽ ትናፍቅሻለች። አንድ ቀን ደከመን ሳንል እንመጣለን። ቤትሽ ስንደርስ ምን ታቀርቢልናለሽ?»

«ሽሮ እሠራላችኋለሁ፣ አባ።»

«ሽሮውን በየትኛው ድስት?»

ከአዲስ አበባው ክፍል በላይ ማሰብ የፈሩት ለካ ይህንን ነበር። ሁለት ድስት፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ቢላዋ፤ ልጅ ሲወለድ ደግሞ ያ ልጅ ከየትኛው እንደሚበላ። አባቷ ሊያሸንፏት አልነበረም የጠየቁት። መልሱን ከእሷ አፍ ለመስማት የምር ጓጉተው ነበር፤ ያ ነው የገደላት።

ድስቱን በጨርቁ መልሳ ጠቅልላ አንሥታ ወጣች።

ያሲር መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። በጨርቁ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ አላወቀም፤ ፊቷን ሲያይ ግን ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የኛ ድስት ነው። እትዬ ሔለን ለአባ አምጥታላቸው። እንጀራው እጃቸው ላይ ነበር፣ ያሲር። ዝም ማለት አልቻልኩም።»

«ተናገርሽ።»

«ሁሉንም ተናገርኩ።»

ይቆጣኛል፣ ከሸሸም አሁን ይሸሻል ብላ ጠበቀች። «እኔም ብሆን እናገር ነበር» አለ ያሲር።

«አልተናደድክም?»

«ያን ማታ ከእማዬ ጋር ሳወራ ስለ አንቺ ነገርኳት። አልጮኸችም። 'ለዒድ ልጅቷ ቤት ብመጣ ምን እበላለሁ?' ነው ያለችኝ። መልስ አጣሁላት። ከዚያ በኋላ ላንቺም ምን እንደምልሽ ጠፋኝ።»

«እኔ የቀዘቀዝክ መስሎኝ...»

«መቀዝቀዝ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ማርዬ።»

ማርያማዊት እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ እጆቿ ድስቱን ይዘዋል። አባቷና እናቱ፣ በሕይወታቸው ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋቸዋል። ክፉ ሰው ቢጠይቃቸው ይሸሹ ነበር። የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው የጠየቁት።

ያሲር እጁን ዘረጋ። «ድስቱን ስጪኝ። ከሰዓት ወልድያ እወርዳለሁ፤ ለእማዬ እወስድላታለሁ። ሥጋው ሐላል ነው። ምንም ባይሆን እጅሽን ትቅመስልኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሽ ትወቅ።»

ልቧ ትንሽ ሞቀ። አዎ፣ ያም ነገር ነው። አንዲት እናት ልጇ የወደዳት ሴት የሠራችውን ትቀምሳለች። «ዘቢቡ እንዳለ ነው፤ እየው» ብላ ድስቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ አሳርፋ ክዳኑን ገለጥ አደረገች።

ሽታው አስቀድሞ መጣ። የደረቀ በለስ፣ ያልበሰለ ሾላ፣ ጌሾ። መረቁ ጠቁሯል። ሔለን ሌሊት ሥጋውን ስታሞቅ ቬሮና የለመደችውን አድርጋለች፤ የተረፈውን ጠርሙስ ገልብጣበታለች።

«ወይን ተጨምሮበታል» አለች ማርያማዊት። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም።

ያሲር የዘረጋውን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተ። እሱ ብቻ የቀመሰው ሥጋና እሷ ብቻ የቀመሰችው ወይን አሁን አንድ ላይ ሆነዋል። ምናልባት በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የሚጣፍጠው ይኸው ይሆናል። የአባቷ ቤት አይበላውም፤ የእናቱም ቤት አይበላውም።

«እንብላው» አለ ያሲር።

«ምን?»

«እኔና አንቺ። እዚሁ ቆመን። አንቺም ከኔ፣ እኔም ካንቺ። እኩል እንበድል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ ስለማይኖረን አብረን እንሄዳለን።»

አንዲት ቁራሽ በጣቷ አነሣች። እውነት ነው የምላችሁ፣ አነሣች። መረቁ በመዳፏ ወረደ። ፊቱን አየች፤ አፉን አየች። ያን ከሰዓት ዓይኑን ጨፍኖ የቆመውን ሰው አየች። ያ ሰው ይህን ከበላ ያ ሰው አይደለም። እሷም አባቷን ይቆዩ ያለችው ሴት አትሆንም። ሁለት ሌላ ሰዎች ናቸው አዲስ አበባ የሚሄዱት።

«አልችልም» አለች። «የወደድኩህ እንዲህ ስለማታደርግ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ያሲር። «አንቺ ብትበዪ እኔ እንደማልበላ አሁን ገባኝ። አይ ሞኝነቴ።»

ቁራሿን ወደ ድስቱ መለሰች። እሱ ክዳኑን ገጠመ። ከዚያ፣ ድምፁ ሊሰበር ሲል፣ አንድ ነገር ነገራት።

«ጨው አልጎደለውም ነበር።»

«እ?»

«ያን ቀን። መጀመሪያ የቀመስኩት ጊዜ ልክ ነበር። ትንሽ ይቀረዋል የምለው፣ ልክ ነው ካልኩ እንድወጣ ስለምትነግሪኝ ነው።»

ማርያማዊት ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። እጁን አልያዘችም፤ የአባቷ አጥር ነው። እሱም አልነካትም። ሔለን ከቤት ስትወጣ እንዲህ ተፋጠው አገኘቻቸው፤ መናገር የምትወድ ሴት ያን ዕለት ድስቱን ተቀብላ ያለ አንድ ቃል መኪና ውስጥ ገባች።

ሥጋውን ማታ ጣልያኖቹ በሉት። ከመጀመሪያውም ይበልጣል ብለው አደነቁ አሉ፤ ሥጋና ወይኑ እንዲህ የተዋሐደ ቬሮናም አላየንም አሉ። ያሲር በዚያው ዕለት ወልድያ ወረደ፤ ዛሬ የጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። የአዲስ አበባው ምግብ ቤት ተከፈተ፤ ሌሎች ሰዎች ያዙት። ማርያማዊት እዚያው ላሊበላ፣ እዚያው ማእድ ቤት ናት።

ሁዳዴ ገብቶ እንግዶች መጡ። ሔለን ያንኑ ሥጋ፣ ከዚያው ወይን ጋር አዘዘች። በጉን ዘበኛው አረደው። ማርያማዊት ወርቹን በሽንኩርትና በኮረሪማ ጣደችው፤ ዘቢቡን በተነች፤ በአፍንጫዋ ለካች፤ ጨዉ ልክ መሆኑን አወቀች።

«አሁንስ?» አለች፤ ማንም በሌለበት።

ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች።

ሳህኖቹ ሲመለሱ አስተናጋጇ በሩ ላይ ቆመች። «ማርያማዊት፣ ጨው በዛበት እያሉ ነው። በሚቀጥለው ቀንሺ ብላለች እትዬ።»

«እሺ» አለች ማርያማዊት። አልቀነሰችም።